ኮኩ ሥር የተነጠፈ አልጋ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ አዲስ ምሳር አቅፈዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ምን ሊቆርጡበት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«የኮክ ዛፌን ነዋ! ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬው ትል በትል ሆነብኝ።»

«የወደቀውን ፍሬ ምን ያደርጉታል፣ አባባ?»

«እዚያው ሥሩ እቀብረዋለሁ። አፈሩን ቆፍሬ አለሰልሳለሁ፣ ውኃም አጠጣለሁ። እኔ በዛፍ አልታማም!»

«በቃ፣ አልጋ እያነጠፉለት ነዋ!»

«ለማን?»

«ለትሉ። በልቶ ሲጠግብ ከፍሬው ይወጣና መተኛ ይፈልጋል። ደረቅ፣ የተረገጠ መሬት ካገኘ ያልፈዋል። ለስለስ ያለ፣ እርጥበትና ጥላ ያለው አፈር ሲያገኝ ግን ገብቶ እንደ ስንዴ ፍሬ ድርቅ ብሎ ይተኛል። ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይወጣና ተመልሶ ኮክዎ ላይ እንቁላሉን ይጥላል።»

«ትል ቦታ ይመርጣል?»

«ይመርጣል እንጂ! እኔ የተመረቅሁት እሱን ሳጠና ከርሜ ነው።»

«ኧረ እኔ ጎጆ ስወጣ እንኳ ይህን ያህል አልመረጥሁም!»

ተሳፋሪው ሳቀ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የወደቀውን በየቀኑ ለቅመው ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርገው ይቋጥሩትና ፀሐይ ላይ ይተዉት። እዚያ ትሉ የሚገባበት አፈር አያገኝም።»

«ቀበርሁት ስል ስዘራው ኖሬያለኋ!»

«አዎ። ዛፉ ምንም አላጠፋም።»

«እንግዲያ ምሳሩ ባሕር ዛፍ ይፍለጥ።»

ከኋላ ሆኜ ስሰማቸው፣ ጓሮዬ ውስጥ የቀረችው የኮክ ጉቶ ትዝ አለችኝ።