ጀፎረ ላይ የቆመ አጥር

ጋሽ ደበሌ ለሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቀን የለም ይባላል። ይህን የሚለው ሌላው ሰው ብቻ አይደለም፤ እሳቸውም አጋጣሚ ባገኙ ቁጥር ይሉታል። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን አንድ ገበታ ላይ አስቀምጠዋል። በዚያ ደመናማ ጠዋት እምድብር ላይ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ጥጉን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ሲቀመጡ ወልቂጤ የሚጠብቃቸውን ጉዳይ እንዳለቀ ነበር የቆጠሩት።

ጉዳዩ የወንድማቸው ልጅ የስምዖን ነው። ስምዖን የአንድ ወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር፤ የትኛው ወረዳ እንደሆነ መናገሩ ለማንም አይጠቅምም። ለእነ ጋሽ ደበሌ መንደር ሊዘረጋ የመጣውን የውሃ ቧንቧ ከመጋዘን አውጥቶ ለነጋዴ ሸጠ ተብሎ ተከሷል። ቧንቧው መኪና ላይ ሲጫን በዓይኗ ያየች ሰርካለም የምትባል የውሃ ቴክኒሻን አለች፤ በማግስቱ ወልቂጤ ፍርድ ቤት ቀርባ ትመሰክራለች። ከመሰከረች ስምዖን ይታሰራል። ዝም ካለች ግን በነፃ መለቀቁ ነው። ጋሽ ደበሌን ዘመድ ሁሉ መርጦ የላካቸው እሷን ዝም እንዲያሰኙ ነው። እሳቸው ግን በዚህ ስም አይጠሩትም፤ «ማስታረቅ» ይሉታል። የልጅቷን መልክ አያውቁትም። የመምህር ሽባባው ልጅ መሆኗንና ወልቂጤ አክስቷ ቤት እንደምታርፍ ብቻ ሰምተዋል። ስምዖን ራሱ መናኸሪያ ጠብቆ ሊያደርሳቸው ተቀጣጥረዋል።

ረዳቱ «ወልቂጤ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ከአንድ በላይ ብዙ ሰው ካስገባ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ገብታ ከጋሽ ደበሌ አጠገብ ተቀመጠች። ደህና አድርጋ አየቻቸውና አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠች።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ጠጋ በይ፤ ይበቃናል።»

ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራት ሆነው ነበር፤ ቢሆንም በቃቸው። መኪናው ከተማውን ለቆ እንደወጣ ተሳፋሪው ሁሉ በሚስማማበት ጨዋታ ጀመሩ፤ እሱም መንግሥትን ማማት ነው።

«የዛሬ ባለሥልጣን ልጄ፣ ያለ እጅ መንሻ ቀና ብሎ አያይሽም» አሉ ጋሽ ደበሌ። «መታወቂያ ለማውጣት ጉቦ፣ ለመሬት ጉቦ፣ ለሞተ ሰው ምስክር ወረቀት እንኳ ጉቦ! ይህ አገር በሌባ አለቀ።»

«እውነትዎን ነው» አለች ወጣቷ።

ገና ሌላ ሊጨምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ረዳቱ ከፊት ጮኸ። «ትራፊክ! ትራፊክ! ኋላ ያላችሁ ትርፎች ጎንበስ በሉልኝ፣ እናቴ ትሙት!»

ኋላ የነበረው ሁሉ ጎንበስ አለ። ጋሽ ደበሌም ከነጋቢያቸው፣ ከነክብራቸው ግንባራቸውን ከዘራቸው ላይ ደፉ። ሹፌሩ ለፖሊሱ እጁን አውለበለበ፤ ፖሊሱም ኋላ ያለውን ሳያይ አሳለፈ። ቀና ሲሉ ወጣቷ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ ሳትል ፈገግ ብላ አዩአት።

«ለማን ነው ያጎነበሱት አባባ?»

«ለዚህ ለረዳቱ ነዋ። እንዳይቀጡበት ብዬ። የድሀ ልጅ ነው።»

«አዘኑለት ማለት ነው።»

«ታዲያስ! ሰው ለሰው ካላዘነ ምኑን ሰው ሆነ?»

«ክፋት የለውም። ግን ሁላችንም ያዘንነው ለእሱ ብቻ ነው። መኪናው ከነጭነቱ ቢገለበጥ የምናልቀው እኛ ነን። ለራሳችን ያዘነ ማንም የለም። ሌባ በዛ እያልን ስናማ ነበር፤ ጥፋቱ በዓይናችን ፊት ሲሠራ ግን የሸፈንነው እኛው ነን።»

ጋሽ ደበሌ ሳቁ። ልጅቷ አፏ የሰላ ነው፤ ይህን ይወዳሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሽማግሌ ጋር ቢቀመጥ ጥሩ ነበር ሲሉም አሰቡ። ስለዚህ የመጡበትን ጉዳይ ሳይደብቁ ነገሯት፤ የሷን ስም ብቻ አልጠየቁም። ይህ ለሽማግሌ ትልቅ ስሕተት ነው።

ወጣቷ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ከዚያ በትሕትና ጠየቀች።

«እርስዎ በሽምግልና የታወቁ ነዎት። ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው?»

«መጀመሪያማ በዳዩን ነው። ‹አድርገሃል ወይስ አላደረግህም?› እንለዋለን። ካመነ የወሰደውን ይመልሳል፤ ከዚያ ተበዳዩ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ይለምናል። ያላመነ ሰው እርቅ የለውም።»

«ስምዖን አምኗል?»

ጋሽ ደበሌ ከዘራቸውን አዟዟሩ። «አልጠየቅነውም።»

«ለምን?»

«ነውር ነው እኮ ልጄ! የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰ ልጅ ነው። በየመስቀሉ ለመንደሩ በሬ የሚያመጣ ልጅ ነው። ምን ብዬ ዓይኑን አይቼ እጠይቀዋለሁ?»

«እሺ። ተበዳይዋስ ያቺ ምስክር ናት?»

«እሷው ናት እንጂ።»

«ቧንቧው የእሷ ነበር?»

«አይ፣ የመንደሩ ነው።»

«እንግዲያው እሷ ምን ስለሆነች ይቅር ትላለች? የተበደሉት ጄሪካን አዝለው ቁልቁል ወንዝ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ሽማግሌ የሚሄደው ወደ እነሱ ነበር።»

ጋሽ ደበሌ ባለቤታቸው ዘርፈሽዋል ትዝ አሏቸው። ያን ዕለት ጠዋት ከቤት ሲወጡ ከወንዝ እየተመለሱ ነበር፤ ጄሪካኑን ሲያወርዱ ወገባቸውን ይዘው «ወይኔ» ብለዋል። ጋሽ ደበሌም ለመንገድ ስለቸኮሉ ሰምተው እንዳልሰሙ አልፈዋል። አሁን ደስ አላላቸውም። ቢሆንም የዕድሜ ልክ ሽማግሌ በአንድ ጥያቄ እጅ አይሰጥም።

«ስሚ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የምትይው ሐሰት ነው አልልም። ግን ትልልቆቹ ሲበሉ ማን ነካቸው? የሚታሰረው የእኛ ልጅ ብቻ ነው? ኃላፊ ዛሬ ይሾማል፣ ነገ ይሻራል፤ እኛን ያኖረን መደጋገፋችን ነው። ስንታመም የሚያነሣን ሐኪም ቤት ሳይሆን ዘመድ ነው። ዘመዳችንን አሳልፈን ከሰጠን ምን ይቀረናል?»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ብዙ ደግ ሰው የሚሸነፈው በዚህ ነው፤ ሰውን ክፉ ሥራ እንዲሸፍን የሚያደርገው ሁልጊዜ ክፋት አይደለምና። ወጣቷም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። መኪናው በአንድ መንደር አጠገብ እያለፈ ነበር፤ ከእንሰት ጓሮዎቹ ፊት ጀፎረው፣ ያ የመንደሩ ሁሉ የሆነው ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ከብት ይግጥበታል፤ ለቅሶም ሠርግም ያልፍበታል።

«ይህን ጀፎረ ማን ይጠብቀዋል አባባ? ፖሊስ አለው?»

«ጀፎረን ፖሊስ?» ጋሽ ደበሌ በቀልድ ቆጠሩት። «ሁሉም ይጠብቀዋል። አጥሩን ገፋ ያደረገ ቢኖር መንደሩ ወጥቶ ይነቅልበታል።»

«ዘመድ ቢሆንስ?»

«ዘመድማ ከሆነ ቀድሜ የምነቅለው እኔ ነኝ!» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «የገዛ ወንድሜ፣ የዚሁ የስምዖን አባት፣ አጥሩን ወደ ጀፎረው አስገብቶ አጠረ። ሌላው ሳይነካው እኔ በእጄ ነቀልኩት። አኮረፈኝ፤ ኋላ ግን ‹ደግ አደረግህ፣ ልጆቼ በሰው መሳቂያ እንዳይሆኑ አዳንካቸው› አለኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ወጣቷ። «አባቴ ክፍል ውስጥ ነግሮናል። ‹እኔ ከጎጃም መጥቼ እዚህ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው› ይለን ነበር።»

«አባትሽ ማን ነው?»

«መምህር ሽባባው።»

ጋሽ ደበሌ ፊታቸውን አዞሩ። ከዘራው ከጉልበታቸው መሀል ወደቀ።

«እንግዲያው አንቺ...»

«አዎ፣ ጋሽ ደበሌ። ሰርካለም ነኝ። ሊያስታርቁ የመጡት እኔን ነው። ገና ስገባ አውቄዎታለሁ፤ ቀድሜ ብናገር ግን የሚናገሩት ለምስክር ይሆን ነበር፤ እኔ የፈለግሁት ከልብዎ እንዲያወሩኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ከዘራውን አንሥታ ሰጠቻቸው። «የአገራችንን ወግ የማታውቅ ባዳ ነች ብለውዎት ይሆናል። ያ ቧንቧ የመንደሩ ጀፎረ ነበር። ስምዖን አጥሩን አስገብቶ አጠረበት። ከጀፎረው ላይ እያጨደ በሬ ሲያመጣላችሁ ደግሞ እናንተ መረቃችሁት።»

«በሬው...» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። ቆሼ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተመድቤ ሳለ አባቴ ሰው ፈልጎ ወደ ከተማ አዛወረኝ። ተራው የሌላ ሰው ነበር። ደስ ብሎኝ ሻንጣዬን አሰርኩ። ቧንቧው ሲጫን ያየሁ ቀን ዝም ልል ነበር፤ ‹አንቺስ በምን መጣሽ?› ብዬ ራሴን ስጠይቅ ግን ዝምታው አስጠላኝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መልሰው በጉልበታቸው መሀል አቁመው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጋሽ ደበሌ ያሰቡት ስለ ስምዖን አልነበረም፤ ስለ ገዛ ልጃቸው ስለ ምንተስኖት ነበር። ምንተስኖት ቡታጅራ ጎሚስታ ነው። በየመስቀሉ የሚመጣው ትንሽ ቅቤና ለእናቱ ሻሽ ይዞ ነው። ሰው ሁሉ «ምን ይዘህ መጣህ?» ሲለው ጋሽ ደበሌ ቅቤውን በጓዳ በኩል ያስገቡ ነበር። ባለፈው መስቀልማ በሰው ፊት «ካንተ የሚያንሰው ስምዖን በሬ ይጎትታል፤ አንተ ጎማ ስትነፋ ትኖራለህ» ብለውት ነበር። ልጁ በማግስቱ ማለዳ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ወልቂጤ መናኸሪያ ስምዖን ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አጎቱ ከሰርካለም ጋር ሲወርዱ ባየ ጊዜ ፊቱ በራ።

«አንቱ እኮ ጉድ ነዎት! በመንገድ ላይ ጨረሱት? እግዜር ይስጥልኝ አባባ!»

«አልጨረስኩም፤ ገና ልጀምር ነው» አሉ ጋሽ ደበሌ። «ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ልጠይቅህ። ቧንቧውን ወስደሃል ወይስ አልወሰድክም?»

ስምዖን ዙሪያውን ቃኘ። «እዚህ? በሰው መሀል?»

«ጀፎረም በሰው መሀል ነው።»

ስምዖን ፊቱ ተለዋወጠ። «በሬውን ስትበሉ ከየት አመጣኸው ብላችሁኛል? ባዶ እጁን የመጣውን ሁሉ ስትንቁ አይቻለሁ። ምንተስኖትን ምን እንዳሉት ሰምቻለሁ። እንደሱ እንዳልሆን ነው ያደረግሁት።»

ጋሽ ደበሌ በሕይወታቸው ብዙ የተበዳይ ቃል ሰምተዋል፤ በበዳይ አፍ የራሳቸውን በደል ሲሰሙ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። አለቀሱ፤ እንባቸውንም አልደበቁም።

«ልክ ነህ» አሉ። «አልጠየቅንህም። አጥሩን ስትገፋ አብረን ገፋንልህ። ነገ ፍርድ ቤቱ አዳራሽ እገኛለሁ፤ እሷ ስትናገር ከእሷ ኋላ እቀመጣለሁ። አንተ እውነቱን ከተናገርክ ደግሞ ከጎንህ አልጠፋም። ከተፈረደብህም ስንቅ የማመላልስልህ እኔ ነኝ። ዘመድነት እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ አያልፍም።»

ስምዖን በማግስቱ አመነ። ተፈረደበት፤ ጋሽ ደበሌም እንዳሉት ስንቅ ይዘው ይመላለሱ ጀመር። ከነጋዴው ዘንድ ያልተሸጠው ቧንቧ ተይዞ ተመለሰ፤ ለጎደለው መንደሩ አዋጥቶ ጉድጓዱንም ራሱ ቆፈረ። ዘርፈሽዋል ዛሬ ውሃ የሚቀዱት ከደጃቸው ፊት ለፊት ነው። ሽማግሌዎቹም ጀፎረው ላይ ተቀምጠው፣ የሕዝብ ንብረት የወሰደ ሰው ሳያምንና ሳይመልስ ወደ ምስክር ቤት ሽማግሌ እንዳይላክ ተስማሙ። በስምዖን ቦታ የተሾመው አዲሱ ኃላፊ ባዶ እጁን ወደ መንደሩ ሲመጣ የተጠየቀው የውሃው መስመር የት እንደደረሰ ብቻ ነው። እሱም ስለ በሬ ስላልተጨነቀ ስለ መስመሩ ለመጨነቅ ጊዜ አገኘ።

መስቀል ሲደርስ ጋሽ ደበሌ ቡታጅራ ድረስ ሄደው ምንተስኖትን ይዘውት መጡ። ልጁ እንደ ልማዱ ቅቤውን በጓዳ በኩል ሊያስገባ ሲል አባቱ ከመንደሩ ሰው መሀል ጠርተው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?»

ምንተስኖት መጀመሪያ የተሰደበ መሰለው። ከዚያ የአባቱን ፊት አየና በእርግጥ ሊሰሙት እንደፈለጉ ገባው። ስለ ጎማው ነገራቸው፤ ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ ሲመታ ስለቆሰለው ጣቱ፣ ዝናብ ሲመጣ ስለሚሸሸግበት በረንዳ፣ ሚዛን አላጎድልም ስላለችው ስለ ቅቤ ሻጯ ነገራቸው። ሲያወራ ድምፁ እየጠነከረ ሄደ። ይህን ያህል ዘመን ሠርቶ ከየት እንዳመጣው የጠየቀው ሰው አልነበረም።