የጫግኒው ቡችላ

«ድንቹ እንዴት ይዞልሻል ሰርክዬ? የኛን ውርጭ መታው መሰለኝ... ይሁን እንግዲህ። ልጆቹስ? ጉንፋኑ ለቀቃቸው?»

እህተማርያም አጥሩን ተደግፋ ጎረቤቷን ሰርክአዲስን የምታናግረው ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው። የሰርክአዲስ ጆሮ ደኅና ነው፤ ድምፁ የተነሣው በር ላይ እስከቆመው መኪና ድረስ እንዲሰማ ነበር። ልጇ ከጫግኒ መጥቶ፣ ካርቶን ውስጥ ያለ ቡችላ እግሯ ሥር አስቀምጦ፣ «ብቻሽን እንዳትሆኝ ብዬ ነው» ብሎ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን እንደያዘ ወደ መኪናው ተመልሷል። ሞተሩን አላጠፋውም።

«ቡችላውን አየሽው? ለኔ እኮ ነው። አንድ... ደግ ሰው ነው ያመጣልኝ። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰው ሲመሰገን ያፍራል። ከጫግኒ ድረስ መጥቶ እኮ ነው። ጫግኒ ቀላል መንገድ መሰለሽ? ሚኒባሱ ከዚህ ከቆሰበር ጧት ሄዶ ከሰዓት ይመለሳል ይላሉ... እኔ ግን አላምንም። እንዲያ ቅርብ ቢሆንማ ሰው ይመጣ ነበር። ባሕር ማዶ ነው እንጂ። ገናም ፋሲካም ሲያልፍ አንድም ሰው መሻገር ያቃተው ለዚያ ይሆናል። ደግሞ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም፤ አየሽ? ሌላው ቢሆን ለነዳጁ ይሳሳ ነበር። ለኔ ሲሆን ምንም አይሳሳም።

«ጥፋቱ የኔው ነው። ባለፈው በስልክ ቤቱ ጭር አለብኝ አልኩ። አሮጊት አፏን መቼ ትዘጋለች? እኔ ጅሏ ጭር አለብኝ ስል ሰው የናፈቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የናፈቀኝ ውሻ ኖሯል... እንዲህ ያለው ነገር የሚገባው ለተማረ ሰው ነው።»

በሆዷ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ቡችላውን ከተቀበለች ልጇ «አሁንማ ብቻዋን አይደለችም» ብሎ ጭራሽ ሊቀር ነው። አልፈልግም ካለች ደግሞ ተቀይሞ ይሄዳል። ቡችላውም ነገሩን አላቀለለላትም፤ ከሙቀት አገር መጥቶ በቆሰበር ብርድ ካርቶኑ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ሳታስበው ጋቢዋን አውልቃ ሸፈነችው፣ በራሷም ተናደደች።

«እስቲ ምከሪኝ። ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ? ማሳደግ እንደምችልበት መቼም አይተሽኛል... አሳድጌ የት እንዳደረስኩም አይተሻል። በኔ እጅ ያደገ ነገር መሄዱን እንጂ መመለሱን አይችልበትም። ይሄም እግሩ ሲጠና መንገዱን ይዞ ይጠፋል ብዬ ነው የምሰጋው። ምንስ አበላዋለሁ? ድንች ነው ያለኝ። እሱንም እስከ ዛሬ ለሁለት ሰው ነው የምቀቅለው፤ ሂሳብ አልተማርኩ፣ ምን ላድርግ? ይኸው አሁን ሁለተኛው በላተኛ ተገኘ።

«በምንስ ልጥራው? ባማርኛ ነው ባገውኛ? ያው በሁለቱም ስጣራ የሰማኝ የለም። ስሙን ግን አስቤበታለሁ፤ ‹ይመጣል› ነው የምለው። ሰፈሩም አይቸገርም። ማታ ማታ በር ላይ ቆሜ ይመጣል፣ ይመጣል ስል ለምዳችሁኛል። እስከ ዛሬ ያለ ውሻ ነበር የምለው። ከእንግዲህ ቢያንስ አበደች አትሉኝም።»

ይህን ስትል ሞተሩ ጠፋ። የመኪናው በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ የልጇ ኮቴ ግቢውን አቋርጦ ከኋላዋ ሲደርስ ቆመ። እህተማርያም እዚህ ላይ ብታበቃ ጥሩ ነበር። ዞር ብላ «ግባ፣ ድንቹ የተቀቀለው ለሁለት ነው» ብትለው ምናልባት ያድርላት ነበር። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ምላሷ ግን ቁልቁለት እንደጀመረ ፈረስ ነው፤ ልጓም አይገታውም። ቡችላውን ከነጋቢዋ አንስታ አቀፈች፣ ፊቷንም ሳታዞር ቀጠለች።

«ልውሰደው ሰርክዬ። ብርዱ ይገድለዋል፣ እኔም እንደ ሰው ጨክኜ መተው አልችልበትም... ሞኝ ነኝ እኮ። ላመጣልኝ ሰው ግን ምን አለኝ? ምርቃት ነው ያለኝ። እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ፀጉሩ ነጭ እስኪሆን ያኑረው። ቤቱን ያስፋለት፣ በሩን ያሳምርለት... ልጆቹንም ያሳድግለት። አሜን በይልኝ እንጂ። አንድ ሳይቀር ቁርጥ እሱን ይምሰሉለት።»