ሰንበት ሳትገባ

ጎንደር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ የመዝገብ ክፍል፤ ቁልፍ ያዧ እትዬ ያለምዘርፍ፣ የማኅበረሰቡን የድሮ ሰነዶች ሰብስቦ ወደ ኢየሩሳሌም ሊልክ ከመጣው ከይርጋ ጋር።

ያለምዘርፍ፦ ያን ካሴት መልስ አልኩህ!

ይርጋ፦ እትዬ፣ ፎቶዎቹን ሰጡኝ፣ የትምህርት ቤቱን መዝገብ ሰጡኝ፣ የሰው ሁሉ የጋብቻ ውል እንኳ ሰጡኝ። በአንዲት ካሴት ልንጣላ ነው?

ያለምዘርፍ፦ በእሷማ እንጣላለን። ሌላውን ከፈለግህ ከነመደርደሪያው ተሸክመህ ሂድ።

ይርጋ፦ የጸሎት ቤቱ የድሮ ቄስ ድምፅ ያለው እኮ እዚህች ላይ ብቻ ነው። የጎንደር ሰው እንዴት ይጸልይ እንደነበር ልጆቹ በምን ይወቁት?

ያለምዘርፍ፦ ይቅርባቸው! ሰንበት ተሽሮ የተቀዳ ነው። ቄሱ ራሳቸው አውግዘውታል፤ የሰማው ሁሉ ሰንበትን እንደሻረ ነው ብለዋል።

ይርጋ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አላቃጠሉትም?

ያለምዘርፍ፦ እሱን ተወው።

ይርጋ፦ ማን ነው የቀዳው?

ያለምዘርፍ፦ ባዬ ነው። ልጄ። ሰንበት ጠዋት ጸሎት ቤት ውስጥ የእሱን ጋቢ ገለጥ ቢያደርጉት የመቅጃው ቴፕ ከሥሩ ተገኘ።

ይርጋ፦ ጸሎት ቤት ውስጥ? ደብቆ ከቀዳ ማታውኑ ለምን ወደ ቤት አልወሰደውም?

ያለምዘርፍ፦ ምን ነካህ፣ ሰንበት ከገባች በኋላ ዕቃ ይሸከማል እንዴ?

ይርጋ፦ ዕቃ መሸከም የፈራ ልጅ ነው ሰንበትን የሻረው?

ያለምዘርፍ፦ አታምታታኝ። ከዚያ ወዲህ ከደጅ አስቀመጡት። ወደ ኢየሩሳሌም ልንሻገር በእግር ወደ ሱዳን ስንወርድ እንኳ ከሰው ተነጥሎ ከኋላ ነበር የሚሄደው። የውሃ ቅሉን ማንም አያስነካውም። እኔም ውሃውን መሬት አስቀምጨለት ዘወር እል ነበር። በረሃው ላይ ታሞ ወድቆ ሲሞት፣ "ሰንበት ቀጣችው" አሉ። እኔም አልኩ። እሱን እዚያ ጥዬ ኢየሩሳሌም መግባት አቃተኝና ተመለስኩ።

ይርጋ፦ አዝናለሁ እትዬ።

ያለምዘርፍ፦ ዓርብ ዓርብ ይህችን ክፍል ስቆልፍ ሰው የቆለፍኩበት ይመስለኛል። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። እፈራለሁ ልጄ። ከነካኸው ይጮህብኛል።

ይርጋ፦ ካሴቱ ሲመዘገብ የቀዳው ሰው ስም አብሮ ይጻፋል። ሰንበት የሻረ ብዬ ልጻፈው?

ያለምዘርፍ፦ ስሙን አታንሣ! ለዚህ እኮ ነው የምለምንህ።

ይርጋ፦ እንግዲያው አብረን እንስማው፤ ማጫወቻ ይዣለሁ። ፀሐይዋን ይዩዋት፣ ገና ናት። ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ከገባች እኔም አልነካውም።

ያለምዘርፍ፦ እሺ፣ ቶሎ በል። ድምፁን ቀነስ አድርገው።

ይርጋ፦ ይኸው ጀመረ።

ያለምዘርፍ፦ ውይ! ቄሱ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው! ያ የሚያስለው ደግሞ አያ ወርቄ ነው፤ አፈር ከበላው ስንት ጊዜው።

ይርጋ፦ ቆይ፣ ቄሱ ጸሎቱን አቋረጡ። "እስኪ ፀሐይዋን እዩልኝ" አሉ።

ያለምዘርፍ፦ "ጫፏ ቀርታለች" አላቸው አንዱ። ጸጥ በል፣ ጸጥ በል! ይህ ትንፋሽ የማን ነው?

ይርጋ፦ ከቴፑ አጠገብ ያለ ሰው ነው። ያንሾካሽካል።

ያለምዘርፍ፦ ባዬ ነው። ባዬ ልጄ! ምን አለ? መልሰው፣ መልሰው!

ይርጋ፦ "ይበቃል፣ ልትገባ ነው" ነው የሚለው።

ያለምዘርፍ፦ ቀጭ አለ። ለምን አጠፋኸው?

ይርጋ፦ እኔ አላጠፋሁትም። ያጠፋው እሱ ነው።

ያለምዘርፍ፦ አሳልፈው ወደ ፊት።

ይርጋ፦ ባዶ ነው እትዬ።

ያለምዘርፍ፦ ገልብጠው።

ይርጋ፦ ይኸኛውም ባዶ ነው። ሰንበትን አልቀዳትም። ስትደርስ ዘግቶ ተነሣ።

ያለምዘርፍ፦ ቄሱ ይህን አልሰሙም?

ይርጋ፦ የሰማ ሁሉ ሻረ ተብሎ ማን ደፍሮ ይስማው?

ያለምዘርፍ፦ ባዶውን ነው ስንፈራ የኖርነው።

ይርጋ፦ ምን ብዬ ልጻፍለት እትዬ?

ያለምዘርፍ፦ "ባዬ ፈረደ፣ ሰንበትን የጠበቀ" ብለህ ጻፍ። ውሰደው። አብረውን የተጓዙት ሁሉ ኢየሩሳሌም አሉልህ፣ ይስሙት። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ጠይቅልኝ።

ይርጋ፦ ምን ልበላቸው?

ያለምዘርፍ፦ ሰንበት ካልቀጣችው ልጄን የገደልነው እነማን ነን በላቸው።