ወፍራም የሌለበት ከተማ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣትና አንዲት ጠና ያሉ እናት አጠገቤ ያወራሉ።

«ሰርጌ በሁለት ሳምንት ነው፣ ማዘር። የሱፉ ሱሪ ግን አልቆለፍ አለኝ።»

«ሐኪም አላማከርክም?»

«ቀስ ብለህ ቀንስ፣ በሳምንት ከአንድ ኪሎ ካለፈ ይጎዳሃል አለኝ። በዚህ አካሄድ መቼ ሊደርስልኝ? ስለዚህ በቆጂ አክስቴ ጋ ልሰነብት ነው።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ሯጭ የሚያፈራው አየር ነዋ። በቆጂ ውስጥ ወፍራም ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ፣ ልጄ።»

«ከበሩ ጋር ተጣብቄያለሁ እኮ። እርስዎስ ወዴት ነዎት?»

«ቤቴ፣ በቆጂ። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው። አክስትህ የገብስ ጩኮ ትሠራለች?»

«በቅቤ አርሳ ነው የምታበላኝ።»

«እንግዲያ ሱሪውን ለልብስ ሰፊ ስጠውና ያስፋልህ።»

እኔም ከእሳቸው በተረፈችኝ ግማሽ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ሆዴን ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ሳብኩ።