እታለም ራሷን ስትሥል

እታለም፣ ዛሬ በሽኝትሽ ላይ ያንቺ ሥራ ቁጭ ብለሽ መስማት ብቻ ነው፤ መልስ መስጠት የለም።

እናንተ ስሙኝ። መጀመሪያ ወደዚህ የሥዕል ትምህርት ቤት የመጣች ቀን ቱታዋ በቀለም ተጨማልቆ ነበር። እኔ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ እየጠበቅኩ ነበር። «በዚህ በኩል ነው የሚያፈሰው» ብዬ እየመራሁ ወሰድኳት። ተንበርክካ ጠገነችውና፣ እጇን እያደራረቀች፣ «ይኸው። አሁን የማስተምርበትን ክፍል አሳየኝ» አለችኝ። ያንን ቧንቧ እኔ ስንቴ ታግዬው አቅቶኛል። ቅናቴ የጀመረው እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ቅጡ። ክፍላችን ጎን ለጎን ነው፤ የራሴ ተማሪዎች የኔን በር አልፈው የሷን ያንኳኳሉ። እሷ ሻይ አፍልታ ስኳር ስትረሳ «ለጤና ጥሩ ነው» ተብሎ ይጠጣል፤ እኔ ስረሳ የስብሰባ አጀንዳ ይሆናል።

የባሰው ግን መምህራን ሁሉ የየራሳችንን ምስል ሥለን ኮሪደሩ ላይ እንድንሰቅል የታዘዝን ጊዜ ነው። እኛ ሠዓሊዎች ራሳችንን ስንሥል ታውቁናላችሁ፤ ግንባር ቋጠር፣ አንገት ቀና። እኔም ሳምንታት መስታወት ፊት ተገትሬ፣ የሸሸውን ፀጉሬን ወደ ግንባሬ መልሼ፣ ሸንቀጥ ብዬ ተሰቀልኩ። እሷ ጥርሷን በተነቀለች ማግስት ጉንጯ እንዳበጠ፣ አንድ ዓይኗ እንደጠበበ፣ እንዳለች ራሷን ሥላ መጣች።

በመክፈቻው ቀን ሰው ሁሉ የሷ ሥዕል ፊት ተኮለኮለ። ባለቤቴ ሳትቀር። ጠጋ ብዬ፣ «የኔንስ አየሽው?» አልኳት።

«አየሁት። ደስ የሚል ሰውዬ ነው፤ ማነው?»

ይኸው ባለቤቴ አሁንም እዚያ ተቀምጣ ትስቃለች። እኔ ግን ያኔ በንዴት እታለምን ያዝኳት። «እብጠቱ እስኪጎድል መጠበቅ አትችዪም ነበር?»

«ያን ቀን የነበረኝ ፊት እሱ ነዋ» አለች።

አሁን ቀልዱን ልተወው። እጇ መንቀጥቀጥ እንደጀመረ ታውቃላችሁ፤ ጡረታዋንም ያፈጠነው እሱ ነው። በቀደም ክፍሏ ስገባ እንደገና ራሷን እየሣለች አገኘኋት። መስመሩ ይወላገዳል፤ አታስተካክለውም። ትከሻው ተሰባብሯል፣ አፉ ሸርተት ብሏል። ግን እሷ ናት፣ ቁርጥ እሷ።

«እጅሽን ልደግፍልሽ?» አልኳት።

«ተወው፣ መንቀጥቀጡም ይሣል።»

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የኔ እጅ ደህና ነው፤ ንቅንቅ አይልም። እንደዚያን ቀን ግን በሰው ቀንቼ አላውቅም።

እታለም፣ እነዚህን ልጆች የራሳቸውን ፊት ሳይፈሩ ማየት አስተምረሻቸዋል። እኔም በግድግዳው ማዶ ሆኜ ተምሬያለሁ። እናመሰግንሻለን። ከነገ ጀምሮ ጠዋትሽ ሙሉ ያንቺ ነው፤ በዚህም እቀናለሁ፣ አልዋሽም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጤናው አይለይሽ፣ ቤትሽ ብርሃን አይጣ፣ ወዳጅ በዙሪያሽ ይክበብሽ። ለእጅሽ እንጠጣ፤ እንዳሻው ይንቀጥቀጥ፣ ብቻ አይቁም።