በጸሎት መስመር የገባው ወሬ

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጎማዬ ተንፍሶ ላማር ጎዳና ያለው ጎሚስታ ዘንድ ገባሁ። ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አራት ወንበሮች አሉ፤ ሁለቱን እማማ ቨርሊን ይዘዋቸዋል፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለቦርሳቸው። እማማ ቨርሊን የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ ነው፤ ፓስተሩ ሳይቀር እሳቸውን ሲያይ ባርኔጣውን ያወልቃል። በየማለዳው ገና ሲነጋጋ ስልክ ከፍተው ስልሳ የምንሆን ሰዎችን በአንድ መስመር የሚያጸልዩን እሳቸው ናቸው። በመስመሩ ላይ የታመመ ይጠራል፣ ሥራ ያጣ ይጠራል፣ ማስታወቂያም ይነገራል። እማማ ያሉት ነገር ቁርስ ሳይቀርብ የእኛን የጥቁሮቹን ሰፈር ደቡብ ሜምፊስን ያዳርሳል።

ሦስተኛው ወንበር ላይ ጃሊሳ ተቀምጣለች። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ በሰንበት ትምህርት ቤታችንም ታስተምራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እሷም እንደኔ ጎማ ልታስለጥፍ መጥታ ነው ከእማማ ጋር የተገናኘችው። እኔ አራተኛው ወንበር ላይ አረፍሁና ጋዜጣ ዘረጋሁ፤ ማንበብ ግን አልሆነልኝም።

«ፊትሽ ደህና ያደረ አይመስልም» አሏት እማማ።

«እንዴት ይምሰል? ቅዳሜ ፊልም የምወስዳቸው አርባ አንድ ልጆች ነበሩኝ። ዛሬ ጠዋት የአሥራ አራቱ እናቶች ደውለው ልጃችንን አንሰድም አሉኝ።»

«ደግ አደረጉ።»

«እርስዎ ስላሉ ነው እኮ የቀሩት።»

«እኔ ስላልኩ ነው። አሁንም እላለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጥቁር እህትማማቾች በከዋክብት መካከል መርከብ የሚነዱበት ፊልም ወጥቶ አገሩ ሁሉ እያየው ነበር። ልጆቻችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ረቡዕ ለት ግን በየስልኩ አንድ ፎቶ መጣ፤ ዓይኗ ያበጠ፣ ከንፈሯ የተሰነጠቀ ነጭ ሴት። ከሥሩ የእኛኑ ሲኒማ ቤት ስም ጠቅሶ «ፊልሙን ለማየት ሄጄ ጥቁር ወጣቶች ‘ይህ የእናንተ አይደለም’ ብለው ደበደቡኝ» ይላል። እማማ ይህን ሐሙስ ማለዳ በመስመሩ ላይ ተናገሩ፤ ጉዞውም ቢቀር ይሻላል አሉ። የአውቶቡሱ ባለቤት ደግሞ እስከ አርብ ቀትር ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል።

«ፎቶው እውነት መስሎዎት ነው?» አለች ጃሊሳ።

«ሞኝ አታድርጊኝ ልጄ። ውሸት ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬያለሁ።»

ጋዜጣዬን አጠፍሁት።

«ታዲያ ለምን ተናገሩት?»

«ውሸት ስለሆነ ነዋ። እኔ ያደግኩት ሚሲሲፒ ነው። ዊልበርት የሚባል የእናቴ የአክስት ልጅ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። አንዲት ነጭ ሴት ‘አፍጥጦ አየኝ’ አለች ተባለ። ይፍጠጥ አይፍጠጥ ማን ጠየቀ? ነጮች መጥተው ወሰዱት፤ እናቱ ጫማውን ብቻ ነው ያገኘችው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ እውነት ነው ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ልጆቼን ሰብስቤ በሬን እዘጋለሁ። ያንን ፎቶ አይቶ ደሙ የፈላ አንድ ሰው ሽጉጥ ይዞ ሲኒማ ቤት ቢገባስ? እስቲ መልሺልኝ።»

የተማረ ሰው የሽማግሌን ፍርሃት ድንቁርና ነው ማለት ይቀናዋል፤ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ይህ አመል አልለቀቀኝም። የእማማ ፍርሃት ግን ድንቁርና አልነበረም፤ በሰው ሕይወት የተገዛ እውቀት ነው።

ጃሊሳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፍርሃትዎን አልነቅፍም። እኔም ፈርቼ በሩ ላይ ጥበቃ ይኑር ብዬ ጠይቄያለሁ። ግን ይህን የጻፈው ሰው ምን ፈልጎ ይመስልዎታል?»

«ነጮቹን ሊያስፈራብን።»

«እሱንስ በገዛ አፉ ይችለዋል። ሌላስ?»

እማማ የቦርሳቸውን ማሰሪያ ከፍተው ዘጉት።

«እኛ ቤታችን እንድንቀር ነው። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ‘አያችሁ፣ የገዛ ወገናቸው እንኳ አላየላቸውም’ ሊል። ይህኛውን ግን ብቻውን አይችልም። የጸሎት መስመራችን ቁጥር እሱ ዘንድ የለማ፤ እርስዎ ነዎት ያስገቡት።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ። ሰይጣንን በጸሎት መስመር አስገባሁ ነው የምትይኝ?»

«እሱ ከእኔ አፍ አልወጣም እማማ። እርስዎ አሉት።»

እማማ ቦርሳቸውን ከወንበሩ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ሊነሡ ነው ብዬ ነበር፤ አልተነሡም።

«የዲያቆን ሩፎስን ነገር ያስታውሳሉ?» አለች ጃሊሳ።

ማን ይረሳዋል? ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው በመስመሩ ላይ ዲያቆን ሩፎስ ሞተ ብሎ ተናገረ። አለቀስን፣ ጸለይን። ሦስት ሴቶች ኬክ ጋግረው ለለቅሶ ቢሄዱ ሟቹ ራሱ በፒጃማ በሩን ከፈተላቸው፤ ኬኩንም ተቀበለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ደንብ አወጡ፤ ለቤቱ ሳይደወል የሞት ዜና በመስመሩ ላይ አይነገርም።

«ለአንድ ዲያቆን ሞት ቤቱ ይደወላል» አለች ጃሊሳ። «ለአርባ አንድ ልጆች ስምስ የሚደወልበት ቤት የለም?»

«ሲኒማ ቤቱ ስልክ አለው» አሉ እማማ። «ደውይ።»

ጃሊሳ ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችና ለእማማ ሰጠቻቸው። ስልኩን ያነሳው አንድ ወጣት ነው፤ ሁላችንም እንሰማዋለን። «ስለ ድብድቡ ነው? ዛሬ እርስዎ አሥረኛ ነዎት። ፊልሙ ከገባ ጀምሮ እዚህ አንድም ሰው አልተነካም እማማ። የተጎዳ ካለ እኔ ነኝ፤ የፈንዲሻው ማሽን እጄን አቃጥሎኛል።»

እማማ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆኑ ነገሩት።

«እናንተም?» አለ ልጁ፤ ድምፁ ቀዘቀዘ። «ሦስት ቤተ ክርስቲያን ሰርዞብናል። የሚገርመው ከከተማው ዳር የሚመጡት ነጮች አንዳቸውም አልቀሩም። የቀረነው እኛው ነን።»

«ስምህ ማን ነው ልጄ?»

«ማርኬል።»

«ማርኬል፣ አርባ አንዱን ቦታ ያዝልን። እንዳትሰጥብን።»

ቀጥላ ጃሊሳ ፎቶው መጀመሪያ የወጣበትን ገጽ አሳየቻቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የወጣ ፎቶ ነው፤ ሴትዮዋ ያለችው ባሕር ማዶ ነው። ባሏ ደብድቧት፣ ሌሎች የተደበደቡ ሴቶች ዝም እንዳይሉ ብላ ራሷ ያወጣችው ነው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ያንን ያበጠ ፊት ረጅም ጊዜ አዩት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህቺን ልጅ ዳግመኛ ደበደብናታ» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

አርብ ማለዳ ሁላችንም መስመሩ ላይ ነበርን። እማማ ከጸሎቱ በፊት ተናገሩ። «ትናንት ውሸት ተናግሬያችኋለሁ። ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ሳልደውል ተናገርኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ ባልችልም ይቅር በሉኝ። ቅዳሜ ልጆቹ ይሄዳሉ። ከዛሬ ጀምሮ የሞት ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ክፉ ወሬ ለቤቱ ሳይደወል እዚህ አይነገርም።»

«እማማ፣ ግን አንድ ነገር ቢደርስስ?» አለ ዲያቆን ሩፎስ።

«ፍርሃቱማ አልለቀቀኝም ሩፎስ። ስለዚህ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ አንተም ትሄዳለህ፤ በሩ አጠገብ ትቀመጣለህ። ፈርተን ልጆቻችንን እንጠብቃለን እንጂ አናስራቸውም።»

ከዚያ አንዲት ሴት «እኔ ለሦስቱ እህቶቼ ልኬዋለሁ፤ ዛሬውኑ እደውላለሁ» አለች። ሌላው ለማኅበሩ፣ ሌላዋ ለሥራ ባልደረቦቿ መላካቸውን ተናገሩ። ወሬው በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ሲመለስ በጆሮዬ ሰማሁት።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ሞልቶ ሄደ። ከሰረዙት ሦስት ቤተ ክርስቲያኖች ሁለቱ ሰምተው መጡ። ማንም አልተነካም፤ ልጆቹ ሲመለሱ መርከብ ነጂ ያልሆነ አልነበረም። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። መላው አንድ የስልክ ጥሪ ነበር። ያ ጥሪ የልጆቻችንን ስም አዳነ፣ የማናውቃትን ሴት ቁስል መጫወቻ ከመሆን አወጣ፣ እኛንም ለሚጠሉን ሰዎች መልእክተኛ ከመሆን አስጣለን። ይህን ሁሉ ያደረገው የአምስት ደቂቃ ድካም ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልፌያለሁ። አርብ ማለዳ ሌሎቹ ሲናዘዙ እኔ አፌን ዘግቼ ነበር። ያንን ፎቶ እኔም ልኬዋለሁ። አምኜው አይደለም፤ ተናድጄ፣ «ስለ እኛ የሚሉትን እዩ» ብዬ፣ ለቀድሞ ተማሪዎቼ። ጎሚስታው ቤት ጋዜጣ ዘርግቼ ዝም ያልሁትም ለዚህ ነው። ውሸቱን የጻፈው ሰው የእኔን ንዴትና የእማማን ፍርሃት አይለይም፤ ሁለታችንም ተሸክመን አዞርንለት። በመጨረሻ ግን በዚያው ማለዳ እኔም መስመሩ ላይ ተናገርሁ።

«ስንት ሰው ነው የላክህላቸው?» አሉኝ እማማ።

«ሠላሳ ሰባት።»

«ታዲያ እስካሁን መስመሩ ላይ ምን ትሠራለህ? እኛ እንጸልይልሃለን። አንተ ዝጋና ደውል።»