የሶረቲ አፍ፣ የእናቷ እድር

ባለፈው ቅዳሜ ከሞጆ ወደ አዳማ ስመለስ፣ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይከራከሩ ነበር። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ራሴ ግን አልተማርኩትም። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

አንደኛው አቶ ሰብስቤ ናቸው፤ የጎረቤት ሰፈር እድር ዳኛ፣ የሚያከብራቸው ብዙ፣ የሚደፍራቸው ጥቂት። ሁለተኛዋ ሃፍሳ ትባላለች፤ ሕግ ተምራ የተመለሰችና የዚያው እድር ጸሐፊ ሆና የተመረጠች ወጣት ናት። ለእድሩ ድንኳን የሸራ ዋጋ ጠይቀው መመለሳቸው ነበር።

«ነገ ስብሰባው ላይ የጉዲቱ ስም ይሰረዛል። ያለቀለት ነገር ነው» አሉ አቶ ሰብስቤ።

ወይዘሮ ጉዲቱ የሯጯ የሶረቲ እናት ናቸው። ሶረቲ በቅርቡ ውጭ አገር ማራቶን አሸንፋ መጣች። መሬት ልትሸለም ነው ሲባል ደግሞ ሬዲዮ ላይ ቀርባ፣ «ስለሮጥኩ የገበሬ ማሳ አልወስድም። መሬት ለሯጭ መሸለም ይቅር» አለች። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሁሉ ስድብ ሆነ፤ ውለታ ቢስ፣ አገር አሰዳቢ፣ እግርሽ ይሰበር። ስድቡ ከስልክ ወጥቶ እናቷ ደጃፍ ደረሰ።

«ጋሼ፣ የተናገረችው ሶረቲ፣ የሚሰረዙት እናቷ። ይኼ እንዴት ይሆናል?»

«ማን አሳደጋትና? ሯጭ ከሆነች ትሩጣ!»

«እርስዎ ግን አይሩጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

አቶ ሰብስቤ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ዋጥ አደረጉት። «ሰው ተቆጥቷል እኮ ልጄ። እድር ደግሞ የሰው ነው።»

«ይቆጣ። ተሳስታለች የሚል ይነሳና መልስ ይስጣት። ቀባሪ መንሳት ግን መልስ አይደለም፣ ቅጣት ነው።»

እዚህ ላይ ልጅቷን ወደድኳት። ሕግ የተማረ ሁሉ እንዲህ በአጭሩ ቢናገር ፍርድ ቤቱ ሁሉ ባልተጨናነቀ።

«ጋሼ» አለች ቀጥላ፣ «የድሮውን ቃለ ጉባኤ ኮምፒውተር ላይ ስገለብጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የለቅሶ ድንኳን ሰባት ቀን መቆሙ ቀርቶ ሦስት ቀን ይብቃ ያለ አባል ነበር። ሙት ይንቃል ተብሎ ይሰረዝ ተባለ።»

አቶ ሰብስቤ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ወር ሰላምታ ነሱኝ። ሚስቴ መሰለች ገበያ ስትወጣ እንኳ ፊት ያዞሩባት ነበር፤ እሷ ምን አደረገች?»

«ከመሰረዝ ማን አዳነዎት?»

መልሱን ለመስማት አንገቴ ሊዞር ምንም አልቀረውም።

«ጀቤሳ» አሉ በመጨረሻ። «የጉዲቱ ባል፣ ነፍሱን ይማረው። ተነስቶ፣ ‹ባለው አልስማማም፤ ሲሞት ግን እቀብረዋለሁ› አለ። ሰው ሳቀ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ዛሬ ከሦስት ቀን በላይ ድንኳን የሚተክል ማን አለ?»

እኔም መጨረሻውን ካላየሁ ዕረፍት አይኖረኝም፤ በማግስቱ አባል ሳልሆን ከስብሰባቸው ሄጄ ጥግ ያዝኩ።

ወይዘሮ ጉዲቱ በሩ አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አግዳሚው ሰፊ ነው፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ግን የለም።

አቶ ሰብስቤ ተነሱ። «ሶረቲ ባለችው አልስማማም። ለአገር የደከመ ሰው፣ መሬትም ቢሆን፣ ይሸለም ባይ ነኝ። እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ፊት ለፊት እነግራታለሁ። ሰው ባሰበው የሚሰረዝ ከሆነ ግን፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ የሚነገረን ደስ የሚለን ነገር ብቻ ነው። ጥፋታችንን ያየ ሁሉ አይቶ ዝም ይላል። የጉዲቱ ስም አይነካም!»

ጉርምርምታ ተነሳ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው እጃቸውን አወጡ፤ አቶ ሰንበታ ይባላሉ። በስም ጥሪ «አቤት» ከማለት በቀር በስብሰባ ሲናገሩ የሰማቸው የለም።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ እኔም ልናገር» አሉ። «ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ወድጄ አይደለም። ሽንኩርት የምተክልበት ማሳ ነበረኝ። ለተሸላሚ ነው ተብሎ ተለክቶ ተወሰደ። ከሚስቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ አገር የሚጠላ እንዳትሉኝ ፈራሁ።»

አንዲት ሴት ተነስታ ከወይዘሮ ጉዲቱ ጎን ተቀመጠች። እኔም ያስተማርኩትን ያህል በዚያች ሰዓት ተማርኩ፤ አንዷን ተናጋሪ ስንቀጣ የሚዘጋው የእሷ አፍ ብቻ አይደለም። ሳንሰማቸው የኖርናቸው የስንት ሰዎች አፍ አብሮ ይዘጋል! ያልተስማማ ይከራከር፤ ክርክሩ ከእውነት ያደርሰናል፣ ጎረቤትም ጎረቤት ሆኖ ይቀራል።

አቶ ሰብስቤ መነጽራቸውን አውልቀው አቶ ሰንበታን አዩ።

«ሰንበታ» አሉ፣ «አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሰው ቀበርን። አንድ ቀን እንኳ ከየት መጣህ ብዬ አልጠየቅሁህም። በል፣ ከመጀመሪያው ንገረን።»